ሁለት የወይራ ቀስት ተሰበረብኝ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ በርና አልጋ እሠራለሁ። ከዓመት ወዲህ ግን ልቤ ሌላ ነገር ላይ ነው። ረጅም ቀስት መሥራት እፈልጋለሁ። ያ የድሮ እንግሊዞች ይዘውት ይዘምቱ የነበረው ዓይነት፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ ኮላም ብረትም የሌለበት።

ነገሩን የጀመረልኝ የአያቴ ደጋን ነው። ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን እስካሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የነበረ ነው፣ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። እንጨት እንዲህ ጎብጦ ይህን ሁሉ ዘመን ከቆየ ቀስት መሥራት ምን ይከብዳል ብዬ ገባሁበት።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ከእንጨት ተራ ደህና ቀጥ ያለ፣ ደረቅ የወይራ ግንድ ገዛሁ። ሥራ ቤት ወስጄ በማሽን መጋዝ ሰንጥቄ 4 ሳንቲ በ4 ሳንቲ አወጣሁለት፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70። በመላጊያ አለሰለስኩት፣ ሁለቱንም ጫፍ አቀጠንኩ፣ የናይለን ገመድ ወጥሬ ሳብኩት። ሦስተኛው ላይ ጠመንጃ የተተኮሰ ነው የመሰለኝ። ከመያዣው በታች፣ ፊት ለፊት ባለው ገጹ ላይ ረጅም ስንጥር ተነሳና ለሁለት ሄደ። ስባሪው ጉንጬን ጫረኝ። ዓይኔን እግዜር ነው ያተረፈው።

ለሁለተኛው «በጣም ስለደረቀ ነው» አሉኝና እርጥብ ወይራ ያዝኩ። ዘመዶቼ አጥር ሲያስተካክሉ የቆረጡት ነው፣ በሳምንቱ ጠረብኩት። ይኼኛው ወዲያው አልተሰበረም። ግን ገመዱን ስፈታለት ጎብጦ ቀረ፣ አልቃና አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከመያዣው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ በር ማጠፊያ መታጠፍ ጀመረ። ወደ እኔ በሚያየው በኩል ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ቀጫጭን የተሸበሸቡ መስመሮች ወጡበት። በመጨረሻም እዚያው ላይ ተሰበረ።

የሁለቱንም ፎቶ አያይዣለሁ። ወይራ ለቀስት አይሆንም ማለት ነው ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው? ከውጭ እንጨት ማስመጣት አቅሜ አይደለም። ሌላ እዚሁ አካባቢ የሚገኝ እንጨት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ይኼን ነገር መተው አልቻልኩም።


አናጢው ከመሸንቲ

እንኳን ዓይንህ ተረፈ ልጄ። ከዚህ በኋላ ያልተፈተነ ቀስት ፊትህ አጠገብ አትሳብ፣ እንዴት እንደምትፈትነው ሌሎችም ይነግሩሃል።

ፎቶዎቹን አስፍቼ ደጋግሜ አየኋቸው። ወይራው ምንም አላጠፋም። ሁለቱ ስብራቶችም አንድ አይደሉም፣ ስለዚህ ለየብቻ ልንገርህ።

የመጀመሪያውን የሰበረው የማሽን መጋዝህ ነው። ቀስት ሲሳብ ፊት ለፊት ያለው ገጹ፣ ጀርባው እንበለው፣ ይለጠጣል። ወደ አንተ የሚያየው ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። የሚለጠጠው ጀርባ ላይ የእንጨቱ ጭረት፣ ክሩ የሚሄድበት መስመር ማለቴ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። ወይራ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ቢመስልም ውስጡ እየተጠማዘዘ ነው የሚያድገው። መጋዝ ጭረቱ ወዴት እንደዞረ አያይም፣ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ያልፋል። አንተም ቀጥ ያለ እንጨት ያገኘህ መሰለህ፣ ግን ጭረቱን በሰያፍ ቆራርጠህዋል። ፎቶው ላይ ስንጥሩ የተነሳበትን ቦታ እየው፣ ጭረቱ ከእንጨቱ ጎን ወጥቶ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ግማሹ ክር የተቆረጠ ገመድ ላይ ዕቃ እንደማንጠልጠል ነው። ለበርና ለአልጋ ይኼ ችግር የለውም፣ በርና አልጋ አይጎብጥማ። እኔም ሠላሳ ዓመት ስሠራ ጭረት ማየት የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ያስተማረኝም የመጥረቢያ እጀታ ነው። በመጋዝ የወጣ እጀታ በወሩ ይሰበራል፣ ተፈልጦ የወጣው ግን ዓመታት ያገለግላል።

ስለዚህ ግንዱን በመጋዝ አትሰንጥቀው፣ በሽብልቅ ፍለጠው። ከአንዱ ጫፍ ጀምረህ ሽብልቁን እያስከተልክ ስትመታው እንጨቱ ራሱ በጭረቱ ልክ ይከፈታል። ተጠማዞ ከወጣ እንጨቱ እውነቱን ነገረህ ማለት ነው፣ እሱን ለሌላ ነገር አድርገውና ሌላ ፈልግ። ደህና የወጣውን ወስደህ ቅርፊቱን ልጠው። ከቅርፊቱ ሥር የሚገኘው ገጽ ጀርባህ ነው። እሱን አትንካው። መላጊያ አይነካውም፣ ሞረድ አይነካውም፣ ቅርፊቱን ስታነሳም ቢላዋው እንዳይቧጥጠው ተጠንቀቅ። የምትቀንሰው ሁሉ ከሆዱና ከጎኑ ነው። ጉጥ ያለበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ትንሽ ወፈር አድርገህ ተወው።

ሁለተኛው ደግሞ እርጥብ ሆኖ ነው። እርጥብ እንጨት ሲጨመቅ ክሩ ተጣጥፎ ይቀራል፣ ሆዱ ላይ ያየኸው ሽብሽብ እሱ ነው። ጎብጦ የቀረውም ለዚሁ ነው። «በጣም ስለደረቀ ነው» ያሉህ ሰዎች ለቅርጫት የሚሆነውን ነገር ለቀስት ነግረውሃል። ቀስት ደረቅ እንጨት ይፈልጋል፣ ግን ቀስ ብሎ የደረቀ።

አደራረቁ እንዲህ ነው። እንደፈለጥከው ሁለቱንም ጫፍ በኮላ ወይም በዘይት ቀለም ወፈር አድርገህ ዝጋ። ውኃው በጫፉ በኩል ቶሎ እየሸሸ ነው እንጨትን የሚሰነጥቀው፣ ወይራ ደግሞ በዚህ በጣም አስቸጋሪ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ከዚያ በየሳምንቱ መዝነውና ጻፍ። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል፣ እያደር እያዘገመ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ክብደቱ ሳይነቃነቅ ሦስት አራት ሳምንት ከቆየ ደርቋል። የእኛ በጋ ለዚህ ተስማሚ ነው፣ ከጥቅምት ጀምረህ አስቀምጥ። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው፣ የደረቀውም ተመልሶ እርጥበት ይጠጣል። በጋ ላይ ጎበዝ የነበረ ቀስት ነሐሴ ላይ ሲለግም ካየህ አትደንግጥ።


እንዝርት

ስለ ደጋኑ አንድ ነገር ልበል፣ እኔ ያደግሁት ደጋን ሲመታ እየሰማሁ ነው። እናቴ ጥጡን በመዳመጫ ትዳምጣለች፣ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ከዚያ ነው ወደ እንዝርት የሚሄደው። ስትነድፍ እጇን አይቼዋለሁ። አውታሩን የምትነካው በጣት ጫፍ ነው፣ ጥጡ ላይ ታርገበግበዋለች እንጂ አትስበውም። እንጨቱ የጎበጠው መጀመሪያ አውታሩ ሲወጠርበት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይጨመርበትም።

የአንተ ቀስት ግን እስከ ጉንጭህ ድረስ ይሳባል። አያትህ ደጋናቸውን እንደዚያ ቢስቡት እሱም አይተርፍም ነበር። ዘመን የተሻገረው እንጨቱ ልዩ ስለሆነ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ስላልተጠየቀ ይመስለኛል። ደጋኑን ግን ጠብቀው ወንድሜ፣ የእኛ ቤቱ በለቅሶ ግርግር ማገዶ ሆኖ ቀርቷል፣ እስካሁን ይቆጨኛል።


ስደተኛው ጎጃሜ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፣ እዚህ የሁለት ቀን የቀስት ሥራ ትምህርት ወስጄ አንድ ቀስት ሠርቻለሁ። የተማርኩትን ላካፍልህ።

መጀመሪያ «ከውጭ እንጨት ማስመጣት አቅሜ አይደለም» ያልከውን። እንግሊዞቹ ራሳቸው የአገራቸው እንጨት አልበቃቸውም ነበር። ምርጡ ቀስት የሚሠራው ዪው ከሚባል ዛፍ ነው። በፈረንጆቹ 1472 ወደ አገራቸው የሚገባ መርከብ ሁሉ ለሚጭነው ለእያንዳንዱ ቶን ዕቃ አራት የቀስት እንጨት እንዲያመጣ በሕግ አስገድደዋል። ዪውን የተለየ ያደረገው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል መለጠጥ መቻሉ፣ የውስጡ ቀዩ ደግሞ መጨመቅ መቻሉ ነው። አንድ እንጨት ውስጥ ሁለት ዓይነት እንጨት ተጣብቆ እንደማግኘት በለው። ለዚህ ነው እነሱ ጠባብና ወፍራም፣ ሆዱ ክብ የሆነ ቀስት መሥራት የቻሉት።

ፖርትስመዝ ከተማ ሄጄ ሜሪ ሮዝ የምትባለውን መርከብ አይቻለሁ። በፈረንጆቹ 1545 ሰጥማ በ1982 ነው ከባሕር ያወጧት። ውስጧ 137 ያልተሰበሩ ቀስቶች ተገኝተዋል፣ አማካይ ቁመታቸው ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። መስታወቱ አጠገብ ቆሜ ስመለከት ያስገረመኝ ጀርባቸው ነው። ሞገድ እንዳለው ውኃ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠራቢው ጭረቱን ተከትሎ ነው የሄደው፣ ለማስተካከል አልሞከረም። አናጢው አባታችን ከላይ ያሉህ ነገር እዚያ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የእነዚያ ቀስቶች ጉልበት፣ ማለትም እስከ መጨረሻው ለመሳብ የሚጠይቁት ኃይል፣ ከ100 እስከ 185 ፓውንድ ይገመታል፣ ከ45 እስከ 84 ኪሎ መሆኑ ነው። አንተ ይኼን አታስብ። በ40 ፓውንድ ጀምር፣ 18 ኪሎ ገደማ።

ለወይራ የእንግሊዙን ክብ ሆድ ተወው። ሆዱን ጠፍጣፋ አድርግ። ቁመቱን 1 ሜትር ከ80 አድርገው፣ 1 ሜትር ከ70 ለጀማሪ ያጥራል። መሀሉ ላይ ወርዱ 4 ሳንቲ ተኩል ይሁን፣ ወደ ጫፍ እየጠበበ ሄዶ 1 ሳንቲ ተኩል ላይ ይለቅ። ጠፍጣፋው ጭመቃውን በሰፊው ያካፍለዋል።

አሁን ዋናው ሥራ። ከመያዣው በላይና በታች ያሉትን ሁለቱን ክንዶች እኩል እንዲጎብጡ ማድረግ ነው ቀስት መሥራት የሚባለው፣ ሌላው መጥረብ ነው። እንደ በር በሜትር ለክተህ አትጨርሰውም። አንድ ሥሌት ግን ያዝ። ወርዱን በ10 ከመቶ ብትቀንስ ጉልበቱ በ10 ከመቶ ይወርዳል። ውፍረቱን ከ20 ሚሊ ወደ 18 ሚሊ ብታወርደው ግን ጉልበቱ ወደ 27 ከመቶ ነው የሚወርደው። ሁለት ሚሊ ማለት መላጊያ ጥቂት ጊዜ ሲመላለስ ነው! ሁለተኛው ቀስትህ ላይ ያ ማጠፊያ የሆነው ቦታ ምናልባት በአንድ ሚሊ ነው ከጎረቤቱ የሳሳው፣ ከዚያ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ተከመረ። ስለዚህ መጨረሻው አካባቢ መላጊያውን አስቀምጥና በብርጭቆ ስባሪ ወይም በቢላዋ ጀርባ ፋቅ።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። መያዣውን ግድግዳ ላይ በተመታ እንጨት ላይ አስቀምጥ፣ አውታሩን በገመድ አስረህ ታች ባለ ቀለበት አሳልፈህ አንተ ራቅ ብለህ ቆመህ ሳብ። ራቅ ስትል ቅርጹ ይታይሃል፣ ቢሰበርም አያገኝህም። በትንሹ ሳብ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቀስ እያልክ። የማይጎብጠውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ እዚያ ብቻ ፋቅ። በጣም የሚጎብጠውን እርሳው፣ አትንካው። እኩል ሳይሆን አንድ ሳንቲ እንኳ ጨምረህ አትሳብ። ገመዱ ላይ የነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ብታስገባበት ጉልበቱን ያነብልሃል።

ናይለኑንም ጣለው፣ ናይለን ይለጠጣል። የጫማ ሰፊ የፖሊስተር ክር ደራርበህ ግመድና በሰም እሸው፣ የማር አገር ሆነህ ሰም አታጣም። አውታሩ ከቀስቱ ጉልበት ቢያንስ አራት እጥፍ መቻል አለበት። ፍላጻ ሳይኖር ስበህ አትልቀቅ፣ ሳትጠቀምበት ደግሞ ወጥረህ አትተወው።


የዳንግላው

እኔ በቀርከሃ ነው የሞከርኩት፣ እኛ አዊ ውስጥ ቀርከሃ ሞልቷል። የቀርከሃ ውጭኛው ቆዳ ለመለጠጥ የሚወዳደረው የለም። ወፍራሙን ሰንጥቄ፣ ውስጡን ልጌ ወደ 4 ሚሊ አውርጄ፣ የወይራ ጣውላ ጀርባ ላይ በኮላ ለጠፍኩት። አንጓዎቹን ከውጭ በኩል አልነካሁም። እስካሁን ይሠራል። ኮላ የለበትም ያልከውን አይቻለሁ፣ ግን እጅህን ለማፍታታት ጥሩ መጀመሪያ ነው። ዋንዛ እንዳትሞክር፣ ለዕቃ እንጂ ለዚህ ለስላሳ ነው። ባሕር ዛፍም ሲደርቅ እየተጠመዘዘ አስቸገረኝ።

ወይራ ከፈለግህ ደግሞ ዘጌ ደን ውስጥ ቀጥ ቀጥ ያለ አይቻለሁ፣ ከሰው ጋር ተነጋግረህ አንድ ብታስቆርጥስ?


አናጢው ከመሸንቲ

የቀርከሃው ምክር ደህና ነው፣ የዘጌው ግን አይሆንም ልጄ። ያ ደን እስከ ዛሬ የቆየው የገዳማቱ ስለሆነና ሰው ስለማይነካው ነው። አካባቢው ሁሉ ተመንጥሮ እዚያ የቀረውን ወይራ ለቀስት ብለን አንቆርጥም። የጣና ዙሪያም በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ሌላ ቦታም ቢሆን ሀገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፣ ቀበሌ ጠይቅ።

ደግሞ ግንድ አያስፈልግህም። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይበቃል። ሰው የራሱን ወይራ ሲመለምል፣ አጥር ሲያፈርስ፣ ለእንስራ ማጠኛ የሚቆራርጡ ሴቶች ሲያመጡ አስቀድመህ ንገራቸው። ከተቆራረጠ በኋላ ብትደርስ ከንቱ ነው፣ አንተ የምትፈልገው 2 ሜትር ሙሉ ነው።


የዳንግላው

ልክ ነዎት ጋሼ፣ ሳላስብበት ነው የጻፍኩት። ይቅርታ።


የሽምብጥ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የጠፋሁት እንጨቱ እስኪደርቅ ነው፣ አሁን ሚያዝያ ላይ ነን።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ የወይራ ቅርንጫፍ ሲመለመል ደረስኩ። በሽብልቅ ፈለጥኩት። የመጀመሪያው ተጠማዞ እንደ ገመድ ሆኖ ወጣ፣ ከውጭ ሲታይ እኮ ቀጥ ያለ ነበር! እውነት ለመናገር በመጋዝ ሥራ ያሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ ምን እየቆራረጥኩ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ሁለተኛው ደህና ወጣ። ጫፎቹን ቀለም ቀብቼ ከጣሪያው ሥር ሰቀልኩት። በየቅዳሜው ሰፈራችን ሱቅ ወስጄ አስመዝን ነበር፣ ባለሱቁ በኋላ ላይ እሱ ራሱ ይጠይቀኝ ጀመር። ሲጀምር 5 ኪሎ ከ600 ነበር፣ መጋቢት ላይ 4 ኪሎ ከ200 ደርሶ ቆመ። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ አልተነቃነቀም።

ጀርባውን አልነካሁትም። አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሎ እንደገና ከፍ ይላል፣ እጄን ሳሳልፍበት ይሰማኛል፣ ለማስተካከል እጄ እየበላኝ ተውኩት። የሥራ ቤቱን ግድግዳ በከሰል አስምሬ ገመዱን በቀለበት አሳልፌ ከሦስት ሜትር ርቀት ነው የምስበው። አሁን አውታሩን 55 ሳንቲ ድረስ ስስበው ሚዛኑ 16 ኪሎ ያነባል። ሲፈታ ጎብጦ የሚቀረው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው።

የቀረኝ ችግር የላይኛው ክንድ ነው። መሀል አካባቢ አንድ ጉጥ አለ፣ ወፈር አድርጌ ትቼዋለሁ። ከጉጡ በላይ ያለው ግን እስከ ጫፉ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ አይጎብጥም። የታችኛው ደህና ነው። ጋሼ፣ እዚያ ልፋቅ ወይስ ጉጡን ራሱን ልቀንሰው? አንዴ ከፋቅኩት መመለሻ ስለሌለው ሁለት ቀን እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ።


ስደተኛው ጎጃሜ

16 ኪሎ በ55 ሳንቲ! እንኳን ደስ አለህ። 70 ሳንቲ ላይ እስክትደርስ ከ18 ኪሎ እንዳያልፍብህ፣ እኩል ከሆነልህ በኋላ ጠቅላላውን ትንሽ ታሳሳዋለህ። አሁኑኑ ግን ጭድ በጆንያ ጠቅጥቀህ ዒላማ አዘጋጅ። ሐይቁ ዳር ሆነህ ወፍ ላይ እንዳትሞክር አደራ።


አናጢው ከመሸንቲ

እጅህን መሰብሰብህ ጥሩ ነው። ጉጡን አትንካ። ከጉጡ ሁለት ጣት ከፍ ብለህ ጀምር፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ሲቀርህ አቁም። ሆዱን ብቻ፣ በብርጭቆ ስባሪ፣ እኩል እየሄድክ አሥር ጊዜ ፋቅ። ከዚያ ሠላሳ ጊዜ በትንሹ ሳበውና እንደገና እየው። ወዲያው ለውጥ ካላየህ አትቸኩል፣ እንጨት ሲሳብ ነው የተፋቀውን የሚያሳየው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሕር ዳር እመጣለሁ። አውታሩን ፈትተህ ጠብቀኝ፣ የአያትህንም ደጋን አሳየኝ።